ከሰማይ የወረደው ደጅ ጠኚ፦ ስለ ዚም ሤራና ስለ ውድቀቱ ሂሳዊ ዳሰሳ

ከሌላ ፕላኔት የመጣ ፍጡር ምድርን ለመማረክ ሤራ ሲጎነጉን፣ ሤራውም በገዛ ራሱ ላይ ሲፈርስ የሚታይባቸው የካርቱን ፊልሞች፣ ምንም እንኳ ለሕፃናት መሣቂያ ብቻ የተሠሩ ናቸው ተብለው በሊቃውንት ዘንድ እንደ ዋዛ ቢታለፉም፣ ስለ ሥልጣን፣ ስለ ሹመት ናፍቆትና ስለ ባይተዋርነት በውስጣቸው የያዙት ምሥጢር ከብዙ የአዋቂ ድርሰት የማያንስ ስለ ሆነ፣ እንደ ማናቸውም የኪነ ጥበብ ሥራ በጥሞና ሊመረመሩ ይገባቸዋል። ይህንም ምርመራ በእንፍራንዝ ተቀምጦ ለሚያካሂድ ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጉዛራ ግንብ ጣናን ቁልቁል ከሚያየው ጉብታ ላይ እንደ ቆመ ነው፤ ጎንደር ከመቆርቆሯ አስቀድሞ የነገሥታት ሰፈር የነበረው፣ ሹመት ፈላጊውም፣ ርስት ተሟጋቹም፣ ከባሕር ማዶ የመጣው መልእክተኛም የተመላለሰበት ምድር ይኸው ነው። ዛሬ ደግሞ የጎንደርና የባሕር ዳር መንገድ በሚያልፍባት በዚህችው ከተማ፣ ዲሽ በተተከለበት ቤት ሁሉ ሕፃናቱ የካርቱኑን ቋንቋ ሳይሰሙ ነገሩን ከሥዕሉ ብቻ እያነበቡ ይሥቃሉ፤ ቋንቋ ሳይሰሙ ከሥዕል ማንበብም በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ፊት ቆመን ለብዙ መቶ ዓመታት የተለማመድነው ጥበብ ነው።

ለዳሰሳው የተመረጠው «ኢንቬደር ዚም» በሚል ስም የታወቀው፣ ጆነን ቫስኬዝ የተባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ የደረሰውና ኒኬሎዲዮን የተሰኘው የሕፃናት የቴሌቪዥን ጣቢያ ከእ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 2001 ጀምሮ ያሳየው ተከታታይ ፊልም፣ እንዲሁም ከረጅም ዝምታ በኋላ እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 2019 በኔትፍሊክስ የወጣው «የፍሎርፐስ» ፊልም ነው። ቫስኬዝ ከዚያ በፊት የሚታወቀው ጨለማና ደም በበዛባቸው፣ ለአዋቂዎች በተዘጋጁ የሥዕል መጻሕፍት ስለ ነበረ፣ እንዲህ ያለውን እጅ ለሕፃናት መቅጠር ድፍረት ነበር፤ ጣቢያውም በድፍረቱ ብዙ ሳይጸና ሥራውን አቋረጠው።

የተከታታዩ ፊልም ባለ ታሪክ ዚም ያለ አባት የተገኘ አይደለም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1898 በመጽሐፍ ባወጣው «የዓለማት ጦርነት» በተባለው ልብ ወለዱ፣ ከማርስ የመጡት ወራሪዎች የእንግሊዝን መድፍ ሁሉ ድል ከነሡ በኋላ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን ይፈጇቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ኦርሰን ዌልስ ታሪኩን በአሜሪካ ራዲዮ እንደ ወቅታዊ ዜና አስመስሎ ባሰማ ጊዜ፣ እውነት መስሎት የደነገጠ አድማጭ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ከዚህ ዘር የተወለደው የመጀመሪያው ታላቅ የካርቱን ባለ ሤራ፣ ቻክ ጆንስ የተባለው የፊልም ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ለዋርነር ብራዘርስ የፈጠረው ማርቪን ነው። ማርቪን በጥንቱ የሮማውያን የጦርነት አምላክ አምሳል ባለ ጎፈር የራስ ቁር ደፍቶ፣ ከጥቁር ፊቱ ላይ ሁለት ዓይኖች ብቻ ተስለውለት፣ አፍ ሳይኖረው የሚናገር፣ ትሑት ድምፅ ያለው ፍጡር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1958 በወጣው ፊልም ምድርን ለማፈንዳት የተነሣበት ምክንያት ቬኑስ የምትባለውን ፕላኔት እንዳያይ ስለ ጋረደችው ብቻ ነው። ጎረቤቱ ያበቀለው ባሕር ዛፍ ጣናን ጋረደብኝ ብሎ መጥረቢያ የሚያነሣ ሰው ነገር አይደለምን? ከሁሉ የሚልቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው ነው፤ በዚያ ፊልም ማርቪንና ዳፊ የተባለው ዳክዬ አንዲትን ፕላኔት ለየመንግሥታቸው እናስገብራለን ሲሉ በእልህ ተጋጥመው፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የፈንጂውን መክፈቻ ተጭነው ፕላኔቲቱን ያጠፏታል፤ ዳክዬውም በተረፈችው ቁራሽ አፈር ላይ ቆሞ ድሉን ያውጃል። የኮርያ ጦርነት ባበቃበት ዓመት፣ ኃያላኑ በሃይድሮጅን ቦምብ ሙከራ በሚሽቀዳደሙበት ወራት እንዲህ ያለውን ተውኔት በሰባት ደቂቃ ገደማ መጨረስ እጅግ የሚያስደንቅ ችሎታ ነው።

ነገር ግን ማርቪን ከኋላው ጌታ አይታይበትም፤ ሤራው የገዛ ፈቃዱ ነው። የዚም ነገር የሚለየው ከዚህ ላይ ነው።

ዚም የኢርክ መንግሥት ተወላጅ ነው። በኢርክ አገር ማዕረግ የሚለካው በቁመት ስለ ሆነ፣ ከሁሉ የሚረዝሙት ሁለቱ፣ ቀዩና ሐምራዊው፣ እኩል ነግሠው ይገዛሉ፤ በቁመቱ ከእስራኤል ሁሉ በልጦ ለንግሥና የታጨውን የሳኦልን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ምርጫ ፍጻሜ ከወዲሁ ይገምታል። ዚም ድንክ ነው። መንግሥቱ ዓለማትን ለማስገበር የመጀመሪያውን ዘመቻ ባወጀ ጊዜ፣ ዚም ከትጋቱ ብዛት የተነሣ ገና ከገዛ ፕላኔቱ ሳይወጣ መሣሪያውን ከፍቶ የራሱን ወገን አገር አቃጠለ፤ ስለዚህም ምግብ ብቻ ወደሚሸጥባት ወደ አንዲት ፕላኔት ተግዞ ጥብስ ጠባሽ እንዲሆን ተፈረደበት። ሁለተኛው ዘመቻ በታወጀ ጊዜ ግን፣ ግዞቱን በገዛ ፈቃዱ ተውኩት ብሎ ሹመት በሚታደልበት አዳራሽ መካከል ሳይጠራ ተገኘ። ሌሎቹ ዘማቾች እያንዳንዳቸው ፕላኔት ተሰጥቷቸው ካበቃ በኋላ፣ ነገሥታቱ ይህን አሳፋሪ ሰው የሚያርቁበት ብልሃት አጥተው ጥቂት ከተንሾካሾኩ ወዲያ፣ ከካርታው ጠርዝ ውጭ በተለጠፈች ብጣሽ ወረቀት ላይ ያለችውን፣ ራሳቸውም መኖሯን የማያውቋትን ፕላኔት በምሥጢራዊ ተልእኮ ስም ሰጡት። ለሌሎች የተፈተነ ሮቦት ሲታደል፣ ለእርሱ ከቆሻሻ መጣያ በተለቃቀመ ብረት የተሠራ፣ አእምሮው በኪስ ውስጥ በተገኘ ኮተት የተሞላ ጊር የሚባል ሮቦት ተሰጠው። እርሱም ደስ ብሎት፣ እግዚኦ የሚያሰኘውን የጊርን የማያባራ ዘፈን እየሰማ ስድስት ወር በጠፈር ተጓዘ፤ በመንገዱም መጨረሻ ምድር በእውነት ተገኘች።

ይህ መቅድም በጥንቃቄ ከተነበበ የተከታታዩ ፊልም ሁሉ ቁልፍ ከውስጡ ይገኛል። የዚም ሤራ ምድር ከመድረሱ በፊት፣ በአዳራሹ ውስጥ ወድቋል፤ የላከው ሰው የለምና። ስለዚህም ይህ ጸሐፊ፣ ዚምን ወራሪ ብሎ ከመተርጎም ይልቅ ደጅ ጠኚ ብሎ መተርጎም የሥራውን ምሥጢር አብልጦ ይገልጣል ባይ ነው። ደጅ ጥናት ምን እንደ ሆነ በዚህ አገር ለማንም ማስረዳት አያሻም፤ ማለዳ ተነሥቶ በጌታ ደጅ መቆም፣ ጌታው ሲወጣ ከበቅሎው ኋላ መከተል፣ አጋፋሪውንና እልፍኝ አስከልካዩን ማባበል፣ በግብር ቀን ከሩቅም ቢሆን ለመታየት መጣር፣ እጅ መንሻ ይዞ መቅረብ፣ ሹመቱ ዘንድሮ ባይገኝ ለከርሞ ተስፋ ማድረግ ነው። ዚምም ከምድር ሆኖ በየጊዜው ወደ ነገሥታቱ የምስል ጥሪ ያደርጋል፤ ያላከናወነውን አከናወንሁ እያለ ዘገባ ያቀርባል፤ እነርሱም ፊቱን ባዩ ቁጥር ይሰለቻሉ፣ ምግባቸውን እየበሉ ያላግጡበታል፣ መስመሩንም ይዘጉበታል። መስመሩ ሲዘጋ ዚም የሚያስበው ጌቶቹ በሥራ ብዛት መጠመዳቸውን ነው።

በዚህ ረገድ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770ና በ1771 በጎንደር በቆየበት ጊዜ የታዘበውን ማስታወስ ይጠቅማል። ብሩስ እንደ ጻፈው፣ ከንጉሡ መስኮት ሥር ከጧት እስከ ማታ በልቅሶ ድምፅ ፍትሕ የሚለምኑ ሰዎች አይታጡም ነበር፤ በክረምት፣ ወንዙ ሞልቶ ባለ ጉዳዩ ከየአገሩ መምጣት ሲሳነው ግን፣ ግቢው ጭር ብሎ ንጉሡ ብቸኝነት እንዳይሰማው፣ ይህም ለክብሩ ነው ተብሎ፣ በደል ሳይደርስባቸው የተበደለ መስለው እንዲጮኹ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ነበሩ። ብሩስ ይህን የጻፈው በመሣቅ ነው፤ በመሣቁም ልንቀየመው አይገባም፤ ነገር ግን ጩኸቱ፣ የውሸትም ቢሆን፣ በገዥና በተገዥ መካከል ያለውን ገመድ ጠብቆ የሚያቆይ ሥርዓት እንደ ነበረ አልተገለጠለትም። በጎንደር ጯኺ ሲታጣ ይቀጠራል፤ በኢርክ የሚጮኸው ሰው እያለ መስኮቱ ይዘጋል። የዚም ጌቶች ከደጃቸው ሰው እንዲቆም እንኳ የማይፈልጉ፣ ሥልጣናቸው ከማንም ምስክርነት የማይሻ፣ ሥራቸውም ቁርስና መክሰስ ብቻ የሆነ ገዥዎች ናቸው። የቫስኬዝ ምፀት እጅግ የሚጠልቀው ከዚህ ላይ ሲሆን፣ ብዙ ተመልካች በዚምና በምድር ልጆች ጠብ ላይ ብቻ ዓይኑን ስለ ተከለ ሳያስተውለው አልፎታል።

ዚም በምድር የሚሠራው ሤራ ሁሉ በዚህ ብርሃን ሲታይ መልኩ ይለወጣል። ከሁለት ቤቶች መካከል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቤት ይተክላል፤ በግቢውም ምድርን እወዳለሁ የሚል ምልክት ያቆማል፤ አረንጓዴ ቆዳውን ሳይሸፍን ዊግ ደፍቶ፣ በቀያይ ዓይኖቹም ላይ ሰው ሠራሽ ዓይን አድርጎ ተማሪ ይሆናል፤ ጆሮ የለህም፣ መልክህም አረንጓዴ ነው ሲባል የቆዳ በሽታ ነው ይላል፤ ክፍሉም ያምነዋል። ዝናብ ያቃጥለዋል፤ ሥጋ ሲነካው ይለበልበዋል፤ በዚህች ፕላኔት ለመኖር ከሁሉ የማይመች ፍጡር እርሱ ነው። በአንዱ ክፍል፣ ወራሪዎች በረቂቃን ተሕዋስያን የሚያልቁበትን ፊልም በቴሌቪዥን ተመልክቶ ይሸበራል፤ ነገር ግን ከቀደሙት ወራሪዎች ፍጻሜ የቀሰመው ትምህርት መኖሪያውንና ገላውን እየፈተገ ማጽዳትን ብቻ ነው። በሌላው ክፍል የተማሪ ቤቱን አይጥ መሰል እንስሳ በአገሩ ጥበብ ግዙፍ አድርጎ ከተማውን እንዲያወድም ይለቀዋል፤ የለቀቀውንም መልሶ የሚይዝበት ልጓም የለውም። ሁሉም በአንድ ምክንያት ይበላሻል፤ ሤራው የተቀነባበረው በምድር ላይ ሊያመጣ ስለሚገባው ውጤት ሳይሆን ለጌቶቹ ስለሚነገረው ዘገባ ታስቦ ነውና፣ ነገሩ አምሮ የሚነገር ከሆነ አምሮ መሠራቱ ለዚም ግድ አይሰጠውም። እንዲህ ያለውን አሠራር ከቢሮ መዝገብ ውስጥ ለማግኘት ወደ ሌላ ፕላኔት መሄድ አያስፈልግም።

የ2019ኙ ፊልም ይህን ጠባይ ወደ ፍጻሜው ያደርሰዋል። ዚም ለረጅም ጊዜ ተሰውሮ ከኖረ በኋላ ድንገት ይገለጣል፤ ባላጋራው ዲብ የተባለው ብላቴና እርሱን ሲጠባበቅ ከመስኮተ ምስሉ ፊት ሳይነሣ ከመቀመጫው ጋር ተጣብቆ አካሉ ደክሟል፤ ዚምም ይህ ሁሉ የዕቅዱ የመጀመሪያ ምዕራፍ እንደ ነበረ በታላቅ ኩራት ካወጀ በኋላ፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ምን እንደ ነበረ መርሳቱን ይረዳል። ወደ ጌቶቹ ቢጣራ፣ የኢርክ የጦር መርከቦች የሚያልፉበት መሥመር ከምድር እጅግ የራቀ መሆኑን፣ እነርሱም ከቶ ሊመጡ ያላሰቡ መሆናቸውን ያውቃል። ተስፋ መቁረጡ በሥራው ሁሉ ውስጥ ከታዩት ትዕይንቶች እጅግ ልብ የሚነካው ነው፤ ሠዓሊው ያንን ሁልጊዜ የሚጮኽ ፍጡር ዝም አሰኝቶ ሲያሳየን፣ ያ ሁሉ ጩኸት ለማን እንደ ነበረ ይገባናል።

ዚም ግን ደጅ ጠኚ እንደ መሆኑ መጠን መፍትሔው አልጠፋውም፤ ጌታ ወደ እጅ መንሻው ካልመጣ እጅ መንሻው ወደ ጌታ ይሂድ ይላል። የዲብ አባት ፕሮፌሰር ሜምብሬን የዓለም ልጆች በሰላም በዓል ቀን እጅ ለእጅ ተያይዘው ምድርን እንዲከቡ ብሎ የሠራውን አምባር በእጁ አድርጎ፣ በልጆቹ ሰንሰለት አማካይነት ምድርን ከነነፍሷ ከስፍራዋ ነቅሎ በመርከቦቹ ጎዳና ላይ ያኖራታል። በመንቀሉም ምክንያት የሰማይ መጋረጃ ተቀድዶ ፍሎርፐስ የሚባል ገደል ይከፈታል፤ ፍጥረትም በውስጡ እየተዛባ፣ ሥዕሉ ራሱ ከአንድ ዓይነት አሣሣል ወደ ሌላው እየተለዋወጠ፣ ተመልካቹ የካርቱኑን ወረቀት ሲቀደድ ያያል። ይህ የቅርጽ ለውጥ የታይታ ጌጥ ብቻ ነው ያሉ ተቺዎች ቢኖሩ አልስማማም፤ ሤራው የተጠነሰሰበትን ዓለም ራሱን እንዳፈረሰው በቀለምና በመስመር የሚመሰክር ነው። ሁለቱ ነገሥታት ግን ገደሉን በፊታቸው ቁልጭ አድርገው እያዩ፣ መርከቦቻቸው ከቀናው መንገድ ፈቀቅ እንዳይሉ ያደረጉት በኩራታቸው ስለ ሆነ፣ ከነሠራዊታቸው ወደ እሳቱ ይገባሉ። ዚም ምድርን ማጥፋት አልሆነለትም፤ ያላሰበውን፣ ሊያስበውም የማይደፍረውን የገዛ መንግሥቱን ሠራዊት ወደ እሳት መንዳት ግን በፍቅር አከናወነው። የመጀመሪያው ዘመቻ በገዛ አገሩ ላይ ያደረሰው ቃጠሎ እንዲህ ተደገመ።

በሊቃውንቱ ጉባኤ ልማድ አንድ ቃል በአንድ ትርጓሜ አይዘጋምና፣ አንድም ብለን ነገሩን በዲብ በኩል እንመልከተው። ዲብ እውነቱን የሚያይ ብቸኛ ሰው ነው፤ ማየቱም መዘባበቻ አድርጎታል። በጎንደር ሥዕል፣ ለምሳሌ በአድያም ሰገድ ኢያሱ በተመሠረተችው በደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ጻድቃን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው በሁለት ዓይን ሲሣሉ፣ ኃጥአንና አጋንንት በጎን፣ በአንድ ዓይን መሣላቸው የታወቀ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ማንም መሐይምን፣ ፊደል ባይቆጥርም፣ ማን ተንኰለኛ እንደ ሆነ ከደጃፉ ለይቶ ያውቃል፤ ዓይኑን ለሚገልጥ ሁሉ ክፋት ግልጥ ሆኖ ተሥሏል። በቫስኬዝ ዓለም ተንኰለኛው ከዚያ ይልቅ ግልጥ ነው፣ አረንጓዴ ነውና፤ የሚያይ ግን የለም። መምህርቱ አታይም፤ ጎረቤት አያይም፤ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ በሳይንስ ሊቅነቱ ዓለም የሚያደንቀው አባት፣ ከሌላ ዓለም በመጡ ፍጥረታት መካከል ቆሞ እየተዋጋ እንኳ ነገሩን እንደ ቅዠት መቁጠሩ ነው። በሌላ በኩል ዚም ራሱ ሁልጊዜ በሁለት ታላላቅ ዓይኖች ወደ እኛ ፊቱን መልሶ የተሣለ በመሆኑ፣ በጎንደር ሠዓልያን ሕግ ከኃጥአን ወገን ሊቆጠር አይችልም። ይህን ቫስኬዝ ያውቀው እንደ ነበር ማለቴ አይደለም፤ እጁ ግን ለዚም ያዝን ነበር።

በአጋንንት ሤራና በዚም ሤራ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህም ይሰፋል። በአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ የበላኤ ሰብእ ታሪክ ተሥሎ ሲታይ፣ አጋንንቱ 78 ነፍስ የበላውን ሰው የእኛ ነው ብለው ሚዛኑን ሲጎትቱ፣ በእመቤታችን ስም ለለምጻሙ የሰጣት ጥርኝ ውኃና የእርሷ ጥላ ሚዛኑን ደፍተው ነፍሱን ያስመልጧታል። የአጋንንቱ ስሌት ሐሰት አልነበረበትም፤ የቈጠሩት በእርግጥ የተፈጸመ ኃጢአት ነው፤ የተሸነፉት ከቍጥር በላይ በሆነ ምሕረት ነው። ዚምንም ውኃ ያሸንፈዋል፤ የእርሱ ውኃ ግን ምሕረት የሌለበት፣ በተበከለ ደመና የወረደ ዝናብ ነው። በፊልሙ ውስጥ ሤራ የሚፈርሰው በጸጋ ሳይሆን በአጋጣሚና በጅልነት በመሆኑ፣ ውድቀቱ ያሥቃል እንጂ አያጽናናም፤ የሥራው ታላቅ ጉድለትም፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ይኸው ነው። የሰው ልጅ በዚያ ዓለም ከጥፋት የሚድነው ሊድን የሚገባው ስለ ሆነ አይመስልም። በሕፃናቱ ክፍል ውስጥ ያለው ጭካኔም፣ የአስተማሪቱ ጥላቻና የአካል ክፍሎቻቸው በዚም የተሰረቁባቸው ልጆች ነገር፣ አንዳንድ ጊዜ ምፀት መሆኑ ቀርቶ ደስታ ይመስላል።

የባዕድ ሤራ በዚህ ምድር ሁልጊዜ አሥቆ አላለፈም። ከእንፍራንዝ ብዙም በማይርቀው በደንቀዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1626 አፄ ሱስንዮስ ለሮማ መንበር መታዘዛቸውን በአደባባይ በማሉ ጊዜ፣ ከሮማ የተሾመው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሥራው ሁሉ የተከናወነለት መስሎት ነበር። ከእርሱ የቀደመው የካቶሊክ መልእክተኛ ፔድሮ ፓኤዝ የአገሩን ቋንቋ ተምሮ፣ ጠባይ አጥንቶ፣ በትዕግሥት የኖረ ሰው ሲሆን፣ ሜንዴዝ ግን ካህናቱ እንደ ገና እንዲካኑ፣ ምእመናኑ እንደ ገና እንዲጠመቁ፣ ታቦታቱና አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና እንዲባረኩ፣ ጾሙና በዓሉ በሮማ አቆጣጠር እንዲሆን ፈለገ። አገር ተነሣ፤ ላስታ ሸፈተ፤ ብዙ ገበሬ በጦር ሜዳ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት በአዋጅ መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ሜንዴዝና ባልንጀሮቹም ከአገር ተሰደዱ። ሜንዴዝ እንደ ዚም ጅል አልነበረም፤ የተማረ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ዓይኑ ወደ ሊዝበንና ወደ ሮማ፣ ዘገባው ወደሚደርስበት ወገን ያዘነበለ ስለ ነበረ፣ በፊቱ የቆመውን ሕዝብ አላየውም። ሁለቱን ታሪኮች አንድ አላደርጋቸውም፤ በካርቱኑ የውድቀቱን ዕዳ ባለ ሤራው ራሱ ይከፍላል፤ በደንቀዝ ግን የከፈለው ገበሬው ነው። ሣቅና ልቅሶ የሚለያዩትም በዚህ ይመስለኛል። ፍሎርፐሱም ቢሆን እጅ ለእጅ የተያያዙትን ሕፃናት ዕዳ ከፋይ ሊያደርጋቸው በደረሰባት ቅጽበት፣ ፊልሙ ኮሜዲነቱን ሊያጣ ጥቂት ቀርቶታል።

የእኛው አገር ሥነ ጥበብ በዚህ ፈር ያስገኘው ካርቱን እስካሁን አላጋጠመኝም። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የመሠረተችው የዊዝ ኪድስ ድርጅት፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው ዝግጅቱ አንዲትን ጠያቂ ቀጭኔ በአሻንጉሊት ተውኔት አቅርቦ ለብዙ ሕፃናት ንጽሕናንና ትምህርትን አስተምሯል፤ ይህም ምስጋና የሚገባው ነው፤ ሆኖም በፀሐይ ዓለም ተንኰል የሚጎነጉን ብርቱ ባላጋራ አይገኝም፣ ስለዚህም በውድቀቱ የሚሣቅበት የለም። ከዚም ጋር በእውነት የሚነጋገረው ሌላ ሥራ ነው፤ ሚጌል ያንሶ የተባለው ስፔናዊ በኢትዮጵያ ውስጥ በኢትዮጵያውያን ተዋንያን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «ክራምብስ» የተባለው ፊልም። ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ጋጋኖ፣ ከጥፋት በተረፈች ባድማ ምድር ላይ የሚኖር፣ ራሱን ከሌላ ፕላኔት የመጣ አድርጎ የሚያስብ ጎባጣ ሰው ነው፤ በሰማይ ላይ ከዘመናት በፊት ደርቃ የቀረች የምትመስል መርከብ ተንሳፋለች፤ እርሱም ወደ አገሩ የሚመለስበትን መንገድ ይፈልጋል። በዚያች ምድር ከጥንቱ ሥልጣኔ የተረፉት የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች፣ የካርቱን ጀግኖች ምስል ሳይቀር፣ እንደ ክታብና እንደ ንዋየ ቅድሳት ይከበራሉ።

ጋጋኖና ዚም ሁለቱም የሰማይ ዜግነታቸውን ማንም ሳያረጋግጥላቸው የሚኖሩ ናቸው። ዚም ግን አገሩ በእርግጥ አለች፤ እርሷ ናት የካደችው፤ ስለዚህም ወደ እርሷ የሚያስገባውን እጅ መንሻ ሲፈልግ ይኖራል። ጋጋኖ እጅ መንሻ አያስፈልገውም፣ የሚለምነው ጌታ የለውምና፤ የሚፈልገው መሳፈሪያ ብቻ ነው። ከሁለቱ የትኛው ባይተዋር የባሰ ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ይህ ጸሐፊ ዚም ነው ይላል፤ ያንሶ ለጋጋኖ ቢያንስ ሰላም ተስፋዬ የምትጫወታትን የምታፈቅረው ሴት ሰጥቶታል፣ ዚም ግን ከጊር በቀር ማንም የለውም፤ የጊርም ፍቅር ከምግብና ከዘፈን አያልፍም። ሠራዊቱ በፍሎርፐስ ውስጥ ሲነድም፣ ነገሥታቱ መንገዳቸውን በመጠበቃቸው አልተጸጸቱም፤ ያ ሁሉ ጥፋት በማን እጅ እንደ ደረሰባቸው እንኳ ጠይቀው የዚምን ስም አላነሡም።